ማን ያስረዳን? ስለ ሶፍትዌር መወሳሰብ፣ ስለ ፊዳችን፣ ስለ አንድ የዓሣ መዝገብ

ደንገል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ባጃጅ አልያዝኩም። በሐይቁ ዳር በእግሬ መጣሁ። አንድ ሰው ታንኳ እየሠራ ነበር። ደንገሉን ይደራርባል፣ በገመድ ይጠፍራል፣ በጉልበቱ ተጭኖ እንደገና ያጠብቃል። ቆሜ አየሁት። እኔ ብሞክረው አልችልም፤ የዓመታት ሙያ ነው። ግን ጥቂት እንዳየሁ የቱ የቱን እንደያዘ፣ ውሃ ከየት እንደሚገባ፣ ቢላላ ከየት እንደሚላላ ገባኝ። ሰውየውን ብጠይቀው ደግሞ በጣቱ እያሳየ ይነግረኛል።

እስከ ቤቴ ድረስ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። በየቀኑ ከምነካካቸው ሲስተሞች ውስጥ እንዲህ በጣት እያሳዩ ሊያስረዷቸው የሚቻል ስንቶቹ ናቸው?

ሶፍትዌር መሥራት ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆኖኛል። ከሁሉም ያስተማረኝ ሥራ ትንሹ ነው። እዚሁ ጣና ዳር ያለ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር፣ ስሙን ልተወው፣ የዕለት ዓሣ መመዝገቢያ አፕ ተሠርቶለት ነበር። ሥራው ይኸው ነው፦ ማን አስገባ፣ ቆሮሶ ስንት ኪሎ፣ አምባዛ ስንት ኪሎ፣ ስንት ብር ይከፈለው። በደብተር ቢሆን አራት ዓምድ ነው። አፑ ግን ውጭ አገር ባለ ክላውድ (በኢንተርኔት ብቻ የሚደረስበት የኪራይ ኮምፒውተር) ላይ የተቀመጠ፣ ዘጠኝ ሰርቪሶች፣ ማለትም ለየብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ያሉት ነበር። አንዱ ለመግቢያ፣ አንዱ ለማሳወቂያ፣ አንዱ ለሪፖርት፣ አንዱ ደግሞ ሌሎቹ መነሳታቸውንና መውደቃቸውን የሚቆጣጠር። የመዝገብ ሠራተኛዋ ዓሣውን ሚዛን ላይ አድርጋ፣ አስጋሪው ከፊቷ ቆሞ፣ ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን ክብ ትጠብቃለች።

በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ አፑ በዚያው ቀን ሞተ። ለወራት አልተነሣም። ሠራተኛዋ ደብተር ገዛች። ደብተሩም ሠራ።

ጥቅምት 2016 ላይ "እባክህ አንድ ነገር አድርግልን" ብለው ጠሩኝ። የድሮውን ኮድ ከፈትኩት። የጻፉት ልጆች ተበትነዋል። እርስ በርሱ የሚጠራራው ላይብረሪ (ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያስቀመጡት ዝግጁ ኮድ) ከሺህ በላይ ነው። ለአራት ዓምድ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ለመረዳት ታገልኩ። ከዚያ ተውኩትና እንደ አዲስ ጻፍኩት። አንድ ፕሮግራም፣ አንድ የኤስኪውላይት ፋይል፣ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ። ኤስኪውላይት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያለ ዳታቤዝ ነው። መረጃው በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክም ይጠቀምበታል። ሠራተኛዋ ፋይሉን ማታ ማታ በፍላሽ ገልብጣ ቤቷ ትወስደዋለች። ሲስተሙን በሙሉ አንድ ከሰዓት በኋላ አስረድቻታለሁ። አሁን እኔ ባልኖርም ከየት እንደሚጀመር ታውቃለች።

የደብተሩን መረጃ ሳስገባ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተመዘገበ ዓሣ ነበር። የቀን መቀየሪያውን ላይብረሪ ከድሮው ኮድ ነበር የወሰድኩት። "እንዲህ ያለ ቀን የለም" አለኝ። 2015 እኮ ዘመነ ሉቃስ ነው። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ ይህን የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል። ኮዱን የጻፈው ሰው ግን ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ናት ብሎ አስቦ ነው። ኮዱ በዚያ ሁሉ ሺህ ላይብረሪ መሀል ተቀብሮ ማንም አላነበበውም። እኔም ሳላነብ ነበር የገለበጥኩት። በዚያ ቀን ሌሊቱን ሐይቅ ላይ ያደረ ሰው፣ ላቡን ሲስተሙ "የለም" አለው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 አንድ ሰው ኤንፒኤም በሚባለው የጋራ የኮድ ማከማቻ ላይ ያስቀመጠውን 11 መስመር ኮድ ከዚያ አነሣ። ኮዱ የሚሠራው ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ መሙላት ብቻ ነበር። በዓለም ዙሪያ በዚያ ኮድ ላይ የተደገፉ ብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶች በአንድ ጊዜ ቆሙ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የሚባል የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። ከነዚያ ኮምፒውተሮች ፊት ከተቀመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ያ ፕሮግራም ማሽናቸው ላይ መኖሩን እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ፊዳችን፣ ማኅበራዊ ሚዲያው መርጦ ወደሚያሳየን የጽሑፍ ዝርዝር ልምጣ፤ ለእኔ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። ፌስቡክ ስትከፍቱ ከላይ የመጣው ጽሑፍ ለምን እንደመጣ ማን ያውቃል? እናንተ አታውቁም። የጻፈው ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ከወጡት የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች እንደተዘገበው፣ ከ2017 ጀምሮ የቁጣዋ ፊት ጭምር እያንዳንዱ ኢሞጂ ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ይመዝን ነበር። የቁጣዋ ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። አስቡት። በእነዚያ ዓመታት እኛ አገር ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አጎቴና የወንድሜ ልጅ የተኳረፉት በዚያ ጊዜ ነው። የተጣሉት በሐሳብ ነው ብለን ነበር። ከሐሳቡ በላይ ግን አንድ ቁጥር ነበረበት፤ ሁለቱም ያላዩት፣ ማንም ያልነገራቸው።

ከዚህ የከበደም አለ። የዚሁ የከተማችን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩ ሰው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውንና ፎቶአቸውን የያዙ ጽሑፎች ፌስቡክ ላይ ተለጥፈው ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ አመልክቶ እንደነበር ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ኬንያ ውስጥ በፌስቡክ ባለቤት በሜታ ላይ ክስ መሠረተ። ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ሲል የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2025 ወስኗል። የክሱ ልብ "ይህን ጽሑፍ እንዲስፋፋ ያደረገው ምንድን ነው?" የሚል ነው። ጥያቄው በጣት እያሳዩ የሚመልስለት ሰው ነው የሚፈልገው።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ማንም ሊያስረዳው የማይችል ነገር ተጠያቂ አይኖረውም። ኮድም ይሁን ፊድ። የምታስቡትን ጻፉልኝ።

ፖሊ ግቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ የሚለው ሪአክት፣ ዶከር፣ ኩበርኔቲስ የሚባሉትን የትልልቅ ሲስተም መሥሪያዎች ነው። "አንድ ፋይል ላይ ጽፌያለሁ" ብዬ ሲቪ ላይ ባስቀምጥ ማን ይጠራኛል? አንተ 12 ዓመት ሠርተህ ነው ቀላሉን የመረጥከው። እኛ ገና ውስብስቡን ካላሳየን በሩ አይከፈትም።

ነገሩ 7ኛ ፎቅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ከአዲስ አበባ ነኝ፤ የፋይናንስ ሲስተም ላይ ነው የምሠራው። ደንገል፣ አጻጻፍህን ወድጄዋለሁ፤ በሐሳቡ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው አብሬህ የምሄደው።

መዝገብህ አንድ ሚዛንና አንድ ሠራተኛ አለው። እኔ ጋ በአንድ ሰከንድ ብዙ ሺህ ሰው ገንዘብ ይልካል። መብራት የጠፋበት ሰርቨር ይኖራል፣ የተቆረጠ ፋይበር ይኖራል፣ ሁለት ጊዜ የተጫነ "ላክ" ይኖራል። ገንዘቡ ግን አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ አለበት። ይህን በአንድ ፋይልና በአንድ ላፕቶፕ አትይዘውም። ፍሬድ ብሩክስ የሚባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ለይተው አስቀምጠውታል። ከጉዳዩ ከራሱ የሚመጣ ውስብስብነት አለ፤ እኛ በመሣሪያችንና በአሠራራችን የምንጨምረው ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ማንም አያጠፋውም። "ቀላል ይሁን" የሚል ሰው አንዳንዴ ችግሩን ያቀለለ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ችግሩን ወደ ተጠቃሚው ማሸጋገር ነው።

በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2016ን አስታውሱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ለሰዓታት ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ከየዩኒቨርሲቲው የወጡት ተማሪዎች፣ የኤቲኤሙ ሰልፍ፣ ከዚያ በኋላ "መልሱ" የተባለው ሁሉ ትዝ ይለናል። የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ሲስተሙ ላይ ሥራ ሲሠራ የተፈጠረ ችግር እንደሆነ ነው የተነገረው። እንዲህ ያለ ሲስተም ውስጥ ያ ሁሉ ቁጥጥርና ድርብርብ ማረጋገጫ ለምን እንደሚቀመጥ የሚገባህ አንዱ ሲጎድል ነው።

ደንገል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡32

7ኛ ፎቅ፣ እውነትህን ነው፤ እቀበላለሁ። ላስተካክል። ውስብስብ ነገር ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ጳጉሜን እራሷ እኮ ውስብስብ ናት። 13 ወር፣ በየአራት ዓመቱ የምትጨመር ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚጀምር ቀን። ይህ ከሕይወታችን የመጣ ነው፤ ሶፍትዌሩ ሊሸከመው ይገባል። እንደ ሥራ ጓደኞቼ ከሆነ ሁሉን በፈረንጅ ቀን አስቀምጦ መገላገል ይቻላል። የማኅበሩ አባል ግን ልጁን ያጠመቀበትን ቀን በዚያ አይቆጥርም።

እኔን የሚያናድደኝ የተገላቢጦሹ ነው። ያ አፕ ዘጠኝ ሰርቪስ የመሸከም አቅም ነበረው፤ አንዲት ጳጉሜን 6ን ግን አልቻለም። የአያት ስም ካልሞላህ አያስገባህም፣ ሰውየው ግን የሚታወቀው በራሱና በአባቱ ስም ነው። ለእኛ ያልሆነውን ክብደት ሁሉ ተሸክሞ የእኛን ጣለው።

አንተ ጋ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለመከራከር አይደለም፣ ለማወቅ ነው። ያ ሁሉ ድርብርብ ሲሠራ፣ አንድ ብር ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለፈበትን መንገድ ከጥግ እስከ ጥግ ሊነግርህ የሚችል አንድ ሰው መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ አለ?

ፖሊ ግቢ፣ ለአንተ ጥያቄ ነገ ረጋ ብዬ እመለሳለሁ። አልረሳሁትም።

የዘጌ ቡና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ ኮድ አላውቅም፤ ቡና ነው የምሸጠው። ስለ ፌስቡክና ቴሌግራም ግን የምለው አለኝ።

እናንተ ሁላችሁም የሚያሳያችሁ ክፉውን ነው መሰለኝ። እኔን ያቆመኝ እሱ ነው። ቡናዬን ከዘጌ አምጥቼ፣ ቤት ውስጥ ቆልቼ ፈጭቼ፣ ፎቶ አንሥቼ እለጥፋለሁ። ሐዋሳና ድሬዳዋ ድረስ ልኬያለሁ። ሱቅ ለመከራየት ገንዘብ አልነበረኝም። በማን መድረክ ልሽጥ?

ግን ደንገል ያልከው አንድ ነገር ሆዴን ነካው። መጀመሪያ ስለጥፍ የሚከተለኝ ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ ዝም አለ። ቡናው ያው፣ ፎቶው ያው፣ እኔም ያው። ገበያው ለምን እንደጠፋ ስንት ሌሊት አሰብኩ። ቡናዬ ከፍቶ ይሆን ብዬ አቆላሉን ቀየርኩ። እህቴ "ምናልባት እንዳያዩሽ አድርጎ ነው" ስትለኝ አላመንኳትም ነበር። ነጋዴ ደንበኛ ሲጠፋው ምክንያቱን ይጠይቃል። ማንን ልጠይቅ?

አሁን ቴሌግራም ቻናል አለኝ። እሱ ቢያንስ የጻፍኩትን በጻፍኩበት ቅደም ተከተል ያደርሳል።

አለምነሽ ካሳንቺስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡02

እየተከታተልኩ ነው። የዘጌ ቡና፣ ግማሽ ኪሎ ስንት ነው?

የዘጌ ቡና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡15

በውስጥ መስመር ጽፌልሻለሁ እህቴ።

የድሮ ቴክኒሻን | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ልጆቼ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ዕድሜዬን በስልክ መስመር ላይ ነው የጨረስኩት። ከናንተ ጋር የምከራከርበት የለኝም፤ አንድ ነገር ልጨምር ነው።

በእኛ ጊዜ ስልክ ሲበላሽ መስመሩን ይዘህ ትሄዳለህ። ከቤቱ እስከ ምሰሶው፣ ከምሰሶው እስከ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ እስከ ማዕከሉ። የሆነ ቦታ ላይ ታገኘዋለህ። ማዕከሉ ውስጥ ያለው መሣሪያ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ክፍል ሙሉ ነው። ግን ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ሥዕሉን መገልበጥ ነበር።

የጽሑፍ መልእክትም እንዲሁ ሥዕሉ ግልጽ ነው። አንድ መልእክት 140 ባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት። በላቲን ፊደል አንዱ ሆሄ 7 ቢት ይበቃዋል፣ ስለዚህ 160 ይገባል። የእኛ ፊደል 16 ቢት ይፈልጋል፤ ስለዚህ 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይዞ ይሄዳል፤ አንተም የሁለት ትከፍላለህ። ብዙ ሰው "በአማርኛ ስጽፍ ለምን ብር ይበላል" ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው። ሲነገረው ደስ ባይለውም ይገባዋል። ቢገባው ደግሞ አሳጥሮ ይጽፋል።

ደንገል | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። ያሉትን 70 ፊደል እኔም አግኝቼዋለሁ። ለአስጋሪዎቹ የዕለቱን ሒሳብ በመልእክት እንልካለን። ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘች አንድ ስልክ ናት የምትልከው። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ትልካለች፤ ከሌለ ይዛ ትጠብቃለች።

መጀመሪያ ከ70 እንዳያልፍ ብዬ ሰላምታውን አወጣሁት። ቁጥር ብቻ ላክን። ሽማግሌዎቹ ቅር አላቸው። አንዱ "ይህ መጥሪያ ነው ወይስ ሒሳብ?" አሉኝ። "ሰላም" ሦስት ፊደል ናት። መለስኳት። "ኪሎግራም" የሚለውን "ኪ" አድርጌ ቦታ አገኘሁላት። ከሰባ ፊደል ውስጥ ሦስቱን ለሰላምታ ማዋል ተገቢ መሆኑን ለማወቅ ሚዛኑ አጠገብ መቆም ነበረብኝ። ከሩቅ ሆኜ ብጽፈው ኖሮ አላስበውም ነበር።

ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ያሉት ነገር ነው ልቤን የነካው። 7ኛ ፎቅ ትልቅ ሲስተም የግድ ነው ሲል ልክ ነው። የስልክ ማዕከልም ትልቅ ነበር። ልዩነቱ ሥዕሉ ነው።

ነገሩ 7ኛ ፎቅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

ትናንት የጠየቅከኝን ዛሬ ቢሮ ጠየቅኩ። አንድ ብር ያለፈበትን መንገድ ከጥግ እስከ ጥግ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብዬ። አራት ሰው ተሰባስበን ነው የሣልነው። ሁለት ቦታ ላይ ተለያየን። አንዱ ቦታ ላይ ሁላችንም ዝም አልን።

ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ድርብርቡ ያስፈልጋል እላለሁ። ግን ሥዕሉን ነገ እንጨርሰዋለን።

ሽምብጥ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ደንገል፣ አንድ ነገር ግልጽ አድርግልን። ፊዱ ቁጣ ያስፋፋል፣ ሰው ይጎዳል ካልክ፣ ታዲያ ዳታ መዝጋቱ ልክ ነው ማለትህ ነው? ብዙ ሰው እኮ በዚህ መንገድ ነው የሚያስበው። "ፌስቡክ ባይኖር ሰላም ነበርን" ይላል።

ደንገል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡58

ሽምብጥ፣ አይደለም። በግልጽ ልናገር።

ዳታ በተቋረጠባቸው ወራት እዚሁ ነበርኩ። ወሬ አልቆመም። የሚጣራበት መንገድ ነው የቆመው። አንድ ነገር ከባጃጅ ወደ ባጃጅ፣ ከቡና ቤት ወደ ቡና ቤት ይሄዳል፤ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሌላ ሆኗል። ከዚያ በፊት ቢያንስ አንድ ሰው "ይህ ፎቶ የቆየ ነው፣ የሌላ አገር ነው" ብሎ ይጽፍ ነበር። ተማሪው ምዝገባው አለፈው፣ የዘጌ ቡና ዓይነት ነጋዴ ገበያዋን አጣች፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ የእናቱን ፊት ሳያይ ከረመ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በመላ አገሪቱ ታግደው ነበር። ሰው ቪፒኤን ጫነ። ቪፒኤኑ የማን እንደሆነ፣ መረጃውን ማን እንደሚያይ ማንም አልጠየቀም። ሌላ የማይታወቅ ሳጥን ጨመርን።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ፊዱ ሕጉን ይንገረን። ቱዊተር (የዛሬው ኤክስ) እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ለሰው የሚያሳየውን ጽሑፍ የሚመርጥበትን ኮድ ከፊሉን ይፋ አድርጓል፤ ሙሉ አይደለም፣ ግን ሰው ገብቶ አነበበው፣ ጥያቄ አነሣበት። በጊዜ ቅደም ተከተል የማየት ምርጫ ደግሞ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ አምስት ማውጫ ውስጥ አይደበቅ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚያነቡ በቂ ሰዎች ይቀጠሩ። እነዚህ ከአቅም በላይ የሆኑ ነገሮች አይደሉም። እኔ ራሴ ፌስቡክን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ፣ ግን ይህ የግሌ ነው፤ ለሌላው መፍትሔ አድርጌ አላቀርበውም።

ለፖሊ ግቢ የገባሁት ቃል አለ።

ወንድሜ፣ ዶከርንም ሪአክትንም ተማር። እንጀራ ነው፣ አትናቀው። ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። የጫንከውን አንድ ላይብረሪ በወር አንዴ ክፈትና አንብብ። ትንሹን ምረጥ። ምን እንደሚሠራ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጻፍ። ቃለ መጠይቅ ላይ "ይህን ተጠቅሜያለሁ" የሚል መቶ ሰው ይመጣል። "ውስጡ እንዲህ ነው፣ እዚህ ጋ ደግሞ ስህተት አግኝቼበታለሁ" የሚል ግን እኔ ከቀጠርኳቸው ውስጥ ሁለት ብቻ አይቻለሁ። ሁለቱም እስካሁን አብረውኝ አሉ።

ፖሊ ግቢ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

በጣም አመሰግናለሁ፤ አደርገዋለሁ። ግን ዛሬ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገርህ። ግማሹ ተማሪ አሳይንመንቱን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው የሚያሠራው። እኔም አንዳንዴ። ይሠራል፤ ውጤትም አገኛለሁ። ግን አስተማሪው "ይህ መስመር ለምን አስፈለገ?" ሲለኝ ዝም አልኩ። ፊቴ ነደደ። ላይብረሪ ማንበብ ቀርቶ የራሴን ኮድ አላነበብኩትም።

ነገሩ 7ኛ ፎቅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡45

ፖሊ፣ በግልጽ ስለተናገርክ አከበርኩህ። እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ኮድ መጻፍ ርካሽ ሲሆን የሚበዛው ማንም ያላነበበው ኮድ ነው። ኒክላውስ ቪርት፣ ፓስካል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሠሩት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ሶፍትዌር የሚከብደው ሃርድዌር ከሚፈጥነው በላይ ነው ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ያኔ እንኳ ሰው በእጁ ነበር የሚጽፈው።

አንድ ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድረስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ከሩቅ ማሽን ጋር ሲገናኝ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው ያልፈዋል። እሱ ግን ለምን ብሎ ቆፈረ። ኤክስዜድ የሚባል፣ ብዙ ሰርቨር የሚሠራበት ሊኑክስ ውስጥ በየቦታው ያለ ትንሽ የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር፣ ማለትም ለሰርጎ ገብ የተተወ ሚስጥራዊ መግቢያ አገኘ። ያስገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት አመኔታ እየገነባ የመጣ ነው። ፕሮግራሙን ለዓመታት የያዘው ደግሞ ያለ ክፍያ የሚሠራ፣ የደከመው አንድ ሰው ነበር። ያ ግማሽ ሰከንድ ያስጨነቀው ሰው ባይኖር ዛሬ የት እንደምንሆን እግዚአብሔር ይወቀው።

በነገራችን ላይ ኤአዩም በአማርኛ ይከብደዋል። አንድ የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር ሦስት ባይት ነው፤ የእንግሊዝኛው አንድ። በዚህም ላይ የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ቃላችንን ብዙ ቦታ ሰባብሮ ነው የሚያነበው። እንደ ጋሼ 70 ፊደል ነው፤ ያው ሐሳብ፣ የበለጠ ዋጋ።

የድሮ ቴክኒሻን | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ፖሊ ልጄ፣ ፊትህ መንደዱ ጥሩ ነው። እኔም በመጀመሪያ ዓመቴ አለቃዬ ፊት ነዶብኛል፤ ሥዕሉን ገልብጬ፣ ያልገለበጥኩትን ሽቦ ነበር የጠየቀኝ።

የዘጌ ቡና | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ደንገል፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ያ የዓሣ መዝገብ ለቡና ይሆናል? ማን አዘዘ፣ ስንት ኪሎ፣ ከፈለ አልከፈለ፣ ተላከ አልተላከ። እኔም አራት ዓምድ ናት ያለችኝ። አሁን በደብተር ነው የያዝኩት፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ላክሁላት።

ደንገል | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ይሆናል እህቴ። የዓሣውን ስም አውጥቶ የቡናውን ማስገባት ነው። ደብተርሽን እንዳትጥይው ግን፤ ከሲስተሙ ጋር ቢያንስ ሁለት ወር ጎን ለጎን ያዢው። ሒሳቡ ሲለያይ ማን እንደተሳሳተ የምናውቀው ከደብተርሽ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ማኅበሩ ጋ እሄዳለሁ። ሠራተኛዋ እራሷ ታስረዳሽ፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ትሻላለች።

ፖሊ ግቢ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡18

እኔም መምጣት እችላለሁ?

ደንገል | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ና። የሚመዘነው በማለዳ ስለሆነ ከ1 ሰዓት በፊት ድረስ። ላፕቶፕህን ሙሉ ቻርጅ አድርገህ አምጣ፤ እዚያ ያለው ሶኬት አንድ ነው፣ እሱንም ሚዛኑ ይዞታል። የቀን መቀየሪያውን ኮድ እሰጥሃለሁ፤ 60 መስመር አይሞላም። ቀጣዩ ዘመነ ሉቃስ 2019 ነው። ጳጉሜን 6 ከመድረሷ በፊት ሌላ ሰው አንብቦ እንዲፈትሸው እፈልጋለሁ።

ነገሩ 7ኛ ፎቅ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡50

ሥዕሉን ጨርሰነዋል። ሁላችንም ዝም ያልንበት ቦታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ የለቀቀ አንድ ልጅ የጻፈው ስክሪፕት አገኘን። ደውለንለት ነበር፤ አነሣ። ነገ በስልክ ያስረዳናል። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጥፈነዋል ጋሼ።